ስፕሬዩን ከማንሳትህ በፊት

ልጄ፣ ጌርጂ ክፍል ተከራይተህ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ልታትም መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። መጀመሪያ የጠየቅኸኝ ግን «ፎቶውን ለመሸፈን የትኛው ስፕሬይ ይሻላል?» ብለህ ነው። ጥያቄውን ከጭራው ይዘኸዋል። ስፕሬይም ሆነ ቫርኒሽ፣ ላሚኔሽንም ሆነ ሰም በእጅ የሚሠራው በመጨረሻ ነው፤ የሚወሰነው ግን ወረቀቱ ማሽን ውስጥ ሳይገባ ነው። ፎቶው የት ይሰቀላል? ማን ይነካዋል? ምን ያህል ዘመን እንዲቆይ ይፈለጋል? ይህን ደንበኛህን ሳትጠይቅ ስፕሬይ ከነፋህ ገንዘብህን በተንህ ማለት ነው። እንግዲህ የማውቀውን በተራ ልንገርህ። አንዳንዱን አስረዝማለሁ፣ አንዳንዱን በአንድ ቃል አልፈዋለሁ።

1. የምትሸፍነውን ነገር እወቅ።

በእኛ ጊዜ ፎቶ ማለት ብር ነበር። ጥቁሩ የሚወጣው ከደቃቅ የብር ብናኝ ነው፤ ብናኙ ጄላቲን ውስጥ ተቀብሯል፤ በላዩም ሌላ ስስ የጄላቲን ሽፋን ተደርጎበታል። ሽፋኑን ፋብሪካው ራሱ ሠርቶ ነው የሚልክልህ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሡ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሥራውን ለልጆቻቸው ለሃይጋዝና ለቶርኮም ሲያወርሱ፣ ልጆቹ ስለ ስፕሬይ የሚያስጨንቃቸው ነገር አልነበረም። በየቤታችን ያለው የአያቶች የሠርግ ፎቶ ለስንትና ስንት እንግዳ ሲታይ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ ፊቱ ያልተፋቀው በዚያ ጄላቲን ነው።

የኢንክጄት ኅትመት ግን እርቃኑን ነው። ፒግመንት የሚባለው ቀለም ከወረቀቱ ልባስ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። በጥፍር ጫር ብታደርገው ነጭ መስመር ይወጣል፤ ሁለት ኅትመት ደራርበህ ብትጎትት ጥቁሩ ይፋቃል። ዳይ የሚባለው ደግሞ ወደ ልባሱ ቀዳዳዎች ሰርጎ ይገባል። እሱ ጥፍርን ብዙም አይፈራም፤ የሚፈራው አየርን፣ ብርሃንንና ውሃን ነው። ፒግመንትን ከእጅ ትከልለዋለህ፣ ዳይን ከአየር። ሁለቱን በአንድ ስፕሬይ አንድ ዓይነት አደርጋቸዋለሁ ብለህ አትነሣ።

2. ማሽንህ ስንት ጥቁር እንዳለው ቁጠር።

በከተማችን ማተሚያ ቤቶች የምታያቸው ባለ ታንክ ኤፕሰኖች፣ ኤል 805 እና ኤል 1800 ዓይነቶቹ፣ ስድስት ቀለም ያላቸው የዳይ ማሽኖች ናቸው። ከስድስቱ ጥቁሩ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ግራጫውን የሚያወጡት በአብዛኛው ሰማያዊውን፣ ሮዙንና ቢጫውን ቀላቅለው ነው። በሱቅህ መብራት ሥር ደህና የነበረው ግራጫ ደንበኛው ሲኤምሲ ወስዶ ሳሎኑ አምፖል ሥር ሲያየው አረንጓዴ ወይም ሮዝ ይሆንበታል። ቀለሞቹ የሚደበዝዙበት ፍጥነትም እኩል ስላልሆነ ከጊዜ በኋላ ግራጫው ወደ አንዱ ያደላል። ይህን የሚያድን ሽፋን የለም።

ለጥቁርና ነጭ የሚሆነው ማሽን ቢያንስ ሦስት ደረጃ ያለው ጥቁር ያለው ነው፤ ጥቁር፣ ቀላል ጥቁር፣ በጣም ቀላል ጥቁር። ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2005 «ኬ3» ብሎ ያወጣው የፒግመንት ቀለም ይህን ለትንሽ ማተሚያ ቤት አቀረበው። የጥቁር ፒግመንት መሠረቱ ካርቦን ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ከጥላሸትና ካረረ እህል የቀመሙት ጥቁር ቀለምም ካርቦን ነው፤ ያ ቀለም ስንት መቶ ዓመት እንደቆየ የደብሮቻችንን ዕቃ ቤት ያየ ያውቃል። ካርቦን ብርሃን አያስደነግጠውም። ስለዚህ ገንዘብህ ከሁለት አንዱን ብቻ የሚገዛ ከሆነ ከስፕሬይ በፊት ቀለሙን ግዛ።

አየር ስላልኩህ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2000 ኤፕሰን «ስታይለስ ፎቶ 870» እና «1270» የሚባሉ የዳይ ማሽኖችን አወጣ። ብርሃን ብዙ ዓመት እንደሚችሉ ተነግሮላቸው ነበር። በአንዳንድ ደንበኞች ቤት ግን ፎቶው በሳምንታት ውስጥ ወደ ብርቱካን ቀላ። ጥፋተኛው ፀሐይ አልነበረም፤ በአየር ውስጥ ያለ ኦዞን በወረቀቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ ሰማያዊውን ቀለም በልቶት ነው። ኦዞን ደግሞ የመኪና ጭስና ፀሐይ ሲገናኙ የሚፈጠር ነገር ነው። መስኮትህ ወደ ቀለበት መንገዱ ከሆነ ዳይ የታተመበትን ፎቶ ባዶውን አትስቀል።

3. የገጹን ዓይነት በፎቶው ምረጥ።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ፣ የጥጥ ወረቀት ጥቁሩ ዴንሲቶሜትር በሚባለው የጥቁረት መለኪያ ሲለካ 1.7 አካባቢ ይደርሳል። ባሪታ የሚባለው አንጸባራቂ ወረቀት ጥሩው 2.3 እና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ይመስላሉ፤ ግን 1.7 ማለት ከሚያርፍበት ብርሃን 2 በመቶውን መልሶ ይልካል ማለት ነው፣ 2.3 ደግሞ ግማሽ በመቶውን ብቻ። የማቱ ጥቁር ከባሪታው ጥቁር አራት እጥፍ ያበራል። ጠይም ፊት በጎን ብርሃን ስታነሣ የጉንጩ ጥላ፣ የሹሩባው መስመር፣ የአንገቱ ሥር፣ ሁሉም የሚኖሩት በዚያ ጥቁር ጠርዝ ላይ ነው። ማት ላይ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ጨለማ ይሆናሉ፤ ባሪታ ላይ ይለያያሉ። ስለዚህ እኔ የሰው ፊትን ባሪታ ላይ አትማለሁ። ጭጋግን፣ የደጋ መልክዓ ምድርን፣ የአሮጌ ግድግዳን ሻካራነት ማት ላይ። ሌላው ሌላ ይልሃል፤ አድምጠውና በራስህ ዓይን ፍረድ።

ባሪታ የራሱ ጠባይ አለው። ፒግመንቱ ላዩ ላይ ስለሚቀመጥ ቀለም ያረፈበትና ያላረፈበት ቦታ እኩል አያበራም። ነጠላ የለበሰች እናት አትምና ከፊት ለፊት እያት፤ ምንም አይልም። ወረቀቱን ወደ መስኮት ዘንበል ስታደርገው ግን የነጠላው ንጣት ባዶ ወረቀት ስለሆነ ለብቻው ቦግ ብሎ ይታያል፣ በዙሪያው ያለው ጥቁር ደግሞ እንደ ነሐስ ያብረቀርቃል። ለዚህ ሦስት መላ አለ። አንደኛው በማሽኑ ነው፦ አንዳንድ ማሽን ቀለም በሌለበት ቦታ የሚረጭ ቀለም አልባ ፈሳሽ አለው፤ ካኖን «ክሮማ ኦፕቲማይዘር» ይለዋል። ሁለተኛው በፋይሉ ነው፦ 255 የሆነውን ንጹሕ ነጭ ወደ 250 ዝቅ አድርገው፤ ነጠላው ላይ ዓይን የማያየው ትንሽ ቀለም ያርፍና ገጹ አንድ ይሆናል። ሦስተኛው ስፕሬይ ነው። ሁለተኛው ምንም አያስከፍልህም፤ ከእሱ ጀምር።

ጥቁሩንም ከወረቀቱ ጋር አዛምድ። «ማት ብላክ» ለማት፣ «ፎቶ ብላክ» ለባሪታና ለግሎሲ። ብታምታታው ማቱ ላይ አመድ ታገኛለህ፣ ግሎሲው ላይ በጣት የሚነሣ ጥላሸት። ይህንንም ስፕሬይ አያስተካክለውም።

4. መስታወት ሽፋን ነው።

ከመስታወት ጀርባ የሚገባ ፎቶ ስፕሬይ አያስፈልገውም። ፍሬም ቤቱ ፎቶውን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ እንዳይዘጋብህ ግን ተቆጣጠር፤ በፎቶውና በመስታወቱ መካከል የሚገባው የካርቶን ክፈፍ፣ ፓስፓርቱ፣ ይኑር፣ በመካከል አየር ይግባ። የማያንጸባርቅ የተባለው ሻካራ መስታወት ከፎቶው በራቀ ቁጥር ጥቁሩን ያደበዝዘዋል፤ ባሪታ አትመህ በእሱ ከምትሸፍነው ተራውን መስታወት አድርገህ ከመስኮት ትይዩ ያልሆነ ግድግዳ ፈልግ።

5. አለመሸፈንም ሥራ ነው።

አባቶቻችን ብራናው ላይ ቫርኒሽ አልቀቡም፤ ማኅደር ሰፉለት። ማት የጥጥ ወረቀት ላይ በፒግመንት ያተምኸውን፣ ለሰብሳቢ ወይም ለቤተ መዘክር የምትሰጠውን ሥራ እንዲሁ አድርገው። አሲድ የሌለው ስስ ወረቀት በየመሃሉ፣ ጠንካራ ሣጥን፣ ንጹሕ እጅ። የነፋኸውን ስፕሬይ መልሰህ ማንሣት አትችልም፤ ሣጥን ግን ሁልጊዜ ይከፈታል።

6. በአዲስ አበባ አየር መንፋትን ተማር።

ጣሳው ላይ ያለው መመሪያ በባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በታኅሣሥና በጥር ከሰዓት በኋላ አየሩ እጅግ ስለሚደርቅ ከጣሳው የወጣው ጠብታ ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይደርቃል። የሚያርፈው ፈሳሽ መሆኑ ቀርቶ ዱቄት ይሆናል። ጥቁሩ ላይ እጅህን ስታሳልፍ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክርህ ያ ነው። መላው ማለዳ መሥራት ነው፤ ጣሳውን ከ30 ሳንቲ ሜትር ወደ 20 ማቅረብም ይረዳል።

በክረምት ነገሩ ይገለበጣል። ማሟሟያው ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥብ አየር በቀዘቀዘው ገጽ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጥቁሩም ወተት ይለብሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ እያየህ አትንፋ። ፀሐይ የወጣችበትን እኩለ ቀን ጠብቅ፣ ክፍሉንም ቀድመህ አሙቅ። ታዲያ ከሰል አቀጣጥለህ እንዳይሆን! የስፕሬይ ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፤ ከሰል፣ ሻማ፣ ሲጋራ፣ የተሰካ ምድጃ በአቅራቢያው አይኑር።

አያያዙ እንዲህ ነው። ኅትመቱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ጣሳውን ሁለት ደቂቃ ነቅንቀው። ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመህ ከወረቀቱ ጠርዝ ውጪ ጀምረህ ከሌላው ጠርዝ ውጪ ጨርስ፤ እጅህ መሃል ላይ አይቁም። አንዴ አግድም፣ ከዚያ ወረቀቱን አዙረህ አንዴ ቁልቁል። ሦስት ስስ ንብብር ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ በየመካከሉ አሥር ደቂቃ ስጠው። ማት ላይ ከሁለት አትለፍ፤ ከበዛ ጨለማው ቦታ ዥጉርጉር ይሆናል።

አቧራውንስ? በሰሚትም ሆነ በአያት በየአጥሩ ማዶ ግንባታ አለ። አያት ኮንዶሚኒየም ያለ አንድ ወዳጄ ትልቅ ካርቶን በአንድ ጎኑ ቆርጦ በረንዳው ላይ ያስቀምጣል፤ ወለሉን በውሃ ያርሳል፣ ፎቶውን ካርቶኑ ውስጥ ነፍቶ ክዳኑን ይመልሳል። ወለሉን ማራሱ ትልቅ ብልሃት ነው። አፍህንም በተራ የጨርቅ ማስክ ብቻ አትሸፍን፤ የሚነፋው ሙጫ ነው፣ ሳንባህም ውስጥ እንደ ወረቀቱ ላይ ይደርቃል። ቀለም ቀቢዎች የሚያደርጉትን ባለ ማጣሪያ ማስክ ግዛ፤ ጎረቤት ሕፃን ካለም ንገራቸው።

ጣሳው እዚህ ቢጠፋም የዲሲ ዘመዶችህን «ሲመጡ አንድ ጣሳ ያምጡልኝ» አትበል። ተቀጣጣይ የሆነ የሥራ ስፕሬይ በመንገደኛ ሻንጣ፣ በእጅም ሆነ በሚጫነው፣ መግባት ክልክል ነው። በውሃ የተሠራ ቫርኒሽ ግን በጠርሙስ፣ ክዳኑ ታሽጎ፣ በሚጫነው ሻንጣ ሊመጣ ይችላል። ቦሌ ሲደርስ ጠርሙሱ ትንሽ ያብጣል፤ ቀስ ብለህ ክፈተው። ይህ ቫርኒሽ ለፒግመንትና ለሸራ ይሆናል፤ በስፖንጅ ሮለር ይቀባል። ዳይ ላይ ከቀባኸው ቀለሙ ይፈስሳል። የትኛው እንደሆነ ካልለየህ የኅትመቱን ጥግ በእርጥብ ጣት አሸት አድርገህ እይ።

7. ከጋራዥ፣ ከፀጉር ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አትሸምት።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ስለተወደደ አቋራጭ መፈለግህ አይቀርም። የመኪና ዱኮ ላይ የሚነፋው ክሊር ያምራል፤ ማሟሟያው ግን የግሎሲ ወረቀት ልባስን ሊያኮማትርና ቀለሙን ሊያነቃንቅ ይችላል። የፀጉር ስፕሬይ እርጥበት ይስባል፣ አቧራ ይይዛል። የእንጨት ቫርኒሽ አብዛኛው ዘይት ነው፤ ቢጫ ይሆናል፣ ለወንበር ያምርበታል፣ ለነጠላ ግን አያምርም። የጧፍ ሰም ለስላሳ ስለሆነ የቤቱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ሰም ካማረህ ለቤተ መዘክር ዕቃ የሚያገለግለውን ከነዳጅ የሚወጣ ማይክሮክሪስታሊን ሰም ፈልግ፤ እሱንም ባሪታ ላይ ብቻ፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ በጣም ስስ አድርገህ። ማት ላይ ጨርቅ ራሱ ጥቁሩን ያነሣዋል።

8. ላሚኔሽንን አትናቀው።

ሥነ ጥበብ አዋቂዎች ላሚኔሽን ሲባል ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። የእኛ ሰው ግን ፎቶን ግድግዳ ላይ ብቻ አይተወውም። ለቅሶ ቤት የሟቹ ፎቶ ከፍ ተደርጎ ይያዛል፣ ይታቀፋል፣ ይሳማል፣ እንባ ይፈስበታል። ለዚያ ሥራ መስታወት አደገኛ ነው፣ ስፕሬይ ደግሞ አይበቃም። በብርድ የሚለጠፍ ማት ፊልም አድርግለት፣ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ለጥፈው፣ ጠርዙን አልስልስ። ደንበኛው የሚመጣው ተጣድፎና ተሰብሮ ነው፤ ስለ ባሪታ ሌክቸር አትስጠው። ከሠልስት በኋላ ለግድግዳ የሚሆነውን በእርጋታ ታትምለታለህ።

ቡና በየቀኑ የሚፈላበት፣ እጣን የሚጤስበት ሳሎንም እንዲሁ ነው። ባዶ የማት ወረቀት ጭሱን ይጠጣዋል፣ ነጩም ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ የጠጣውን ማጠብ አይቻልም። መስታወት ካልፈለጉ ሌላ ሽፋን ግዴታ ነው፤ ፊልም ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ስለሚወለወል ከስፕሬይ ይሻላል።

የመቃብር ፎቶ አምጥቶ «ስፕሬይ አድርገህ አትምልኝ» የሚልህ ከመጣ ግን መልስ። ፎቶግራፍ አንሺው ሚካኤል ጸጋዬ በአዲስ አበባ መካነ መቃብሮች ፀሐይና ዝናብ የበላቸውን የሟቾች ፎቶዎች በተከታታይ ሥራው አሳይቷል፤ ያንን ሥራ አሳየው። ለዚያ የሚሆነው በእሳት የተተኮሰ የሴራሚክ ፎቶ ወይም ድንጋዩ ላይ የሚቀረጽ ምስል ነው። ወረቀት ላይ ያለ ምንም ዓይነት ሽፋን ክረምትን ደጅ አያሳልፍም።

9. የሰውን ሥራ ከጎን እይ።

ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ የመሠረተችው የፎቶ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የዓለም ፎቶ አንሺዎች ሥራ እዚሁ ከተማችን ሲሰቀል አይተናል። ቦሌ ያለው አዲስ ፋይን አርት ጋለሪም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያውያን ሥዕልና ፎቶ ያሳያል። ስትሄድ ከፊት ለፊት ቆመህ ብቻ አትመለስ። ከጎን ሆነህ መብራቱ ገጹ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት እይ፤ ነጩና ጥቁሩ እኩል ያበራሉ ወይስ ነጩ ለብቻው ይጮኻል? ወረቀቱ ምን እንደሆነ፣ ተነፍቶበት እንደሆነ ጠይቅ። የሠራው ሰው ካለ ደስ ብሎት ይነግርሃል። እጅህን ግን ኪስህ ውስጥ አድርግ።

10. አትቸኩል።

ከማሽን የወጣ ፒግመንት ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ከቀለሙ ጋር ያለው ፈሳሽ ለቀናት መትነኑን ይቀጥላል። ቶሎ ፍሬም ውስጥ ከዘጋኸው ትነቱ መስታወቱ ላይ ጉም ይሠራል። ፕላስቲክ ልባስ ያለው ወረቀት ላይ ይብሳል። ለሠርግ ሲያጣድፉህ ይህን ንገራቸው።

11. ለመስኮትህ ፈተና ስጠው።

የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ ተፈትኖ ጣሳው ላይ የተጻፈውን የዓመት ቁጥር ጌርጂ ላይ እንዳለ አትውሰደው። አንድ ፎቶ በምትጠቀምበት በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አትም። እያንዳንዱን ሁለት ቦታ ክፈለውና አንዱን ንፋበት፣ ሌላውን ተው። የእያንዳንዱን ግማሽ በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍነህ በምሥራቅ በኩል ባለው መስኮትህ ላይ ለጥፍ። መስከረም ላይ ለጥፈህ ግንቦት ላይ አንሣ። በፎይሉ ጠርዝ ላይ መስመር ከታየ ያ ቀለም፣ ያ ወረቀት ወይም ያ ሽፋን ለሽያጭ አይሆንም፤ መስመር ካልታየ በልበ ሙሉነት ሽጥ።

የምትሸጠውንም ሁሉ ከጀርባው ጥግ ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፍበት፦ የቀለሙን ስም፣ የወረቀቱን ስም፣ የነፋኸውን ወይም ያልነፋኸውን፣ ቀኑን። እርሳስ የማይቀበል የፕላስቲክ ጀርባ ከሆነ በወረቀት ጽፈህ ከፍሬሙ ጀርባ አያይዘው። ከሃያ ዓመት በኋላ ያንን ፎቶ የሚያድሰው ሰው የሚፈልገው መረጃ ይኸው ነው፤ ያለ እሱ በምን ማሟሟያ እንደሚያጸዳው አያውቅም።